መከታና የሁዳዴ እንቁላል

ጡረታ በወጣሁ ሰሞን ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ካርታ ስንጫወት የሰፈሬ ሰዎች በየተራ የሥራ ዘመናቸውን ማውራት ጀመሩ። አንዱ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር፤ የአሰብን መንገድ ከነጠመዝማዛው አወራልን። ሌላው አስተማሪ ነበር፤ ተማሪዎቹ ትልልቅ ሰዎች ሆነዋል፣ አንዳቸውንም ሳይጠራ አላለፈም። ተራው እኔ ጋ ሲደርስ "ጥበቃ ነበርኩ" ብዬ ካርታዬን ወረወርኩ። ውሸት ነው ማለት አይቻልም። ግን እኔ በሕይወቴ የጠበቅሁት ንብረት የለም። ንብረቱን የጠበቁት ውሾች ናቸው፤ እኔ ደግሞ ውሾቹን ሳሳድግና ሳበላ ነው የኖርኩት። "የውሻ ሞግዚት" እንዳይሉኝ ፈርቼ፣ በዚህ ዕድሜዬ፣ ሽበቴ እንዲህ ነጥቶ፣ አሁንም ዋሸሁ። ቤቴ ገብቼ በራሴ ተናደድኩ። በቃ፣ አንዴ ልጻፈውና ይውጣልኝ አልኩ።

ከኋላው ልጀምር። መጨረሻ የሠራሁት ዱቄት ፋብሪካ ነው። አለቃዬ ውሻ የሚፈራ ሰው ነበር፤ ሪፖርት የምሰጠው በመስኮት ነው። ከዚያ በፊት የአንድ ግሪክ ነጋዴ መጋዘን ነበርኩ፤ ሲጮህ ጣራው ይነሳል፣ ደሞዝ ግን አያሳድርም። ከሱ በፊት ደግሞ አንድ ፈረንጅ ቤት ገብቼ ነበር። እዚያ ውሻው ሶፋ ላይ ይተኛል፣ እኔ በር ላይ። ጠዋት ጠዋት ጸጉሩን አበጥርለት ነበር፤ የራሴን ጸጉር ማን አበጥሮልኝ ያውቃል? እነዚህ ሁሉ ግን የተማርኩትን ሥራ የሠራሁባቸው ቤቶች ናቸው። የተማርኩት ጉለሌ ነው፣ በጃንሆይ ጊዜ፣ ወይዘሮ አልታዬ ዶሮ ርቢ።

ወይዘሮ አልታዬ ባላቸው ሞተውባቸው ሰፊ መሬት የቀረላቸው ሴት ነበሩ። ከአዲሱ ገበያ ወደ ላይ፣ ባሕር ዛፉ መሐል፣ ነጫጭ የፈረንጅ ዶሮ ያረቡ ነበር። ያኔ ጉለሌ እንዲህ ቤት በቤት አልሆነም ነበር። ሲመሽ ጅቡ ከእንጦጦ ይወርዳል፣ ጥርኙ ከወንዙ ይወጣል። ከሁሉ የከፋው ግን ሸለምጥማጡ ነው። ያ ቀጭን፣ ጭራው ረጅም አውሬ ጭንቅላቱ በገባበት ሁሉ ገላው ይገባል፤ ገብቶም አንድ ዶሮ በልቶ አይበቃውም፣ የቆጡን ሁሉ አንገት ቀንጥሶ ይሄዳል። ሽቦም፣ ዘበኛም፣ መብራትም ሞክረው ነበር። ዘበኛው ይተኛል፣ መብራቱ ይጠፋል፣ ሽቦውን ዝናብ ያበላዋል። ከዚያ ነው ጋሽ በዳዳን የቀጠሩት።

ጋሽ በዳዳ የጉለሌ ተወላጅ ነበሩ፤ አያት ቅድመ አያታቸው እዚያው ጋራ ሥር የኖሩ። ከሰው ጋር በአማርኛ፣ ከውሻ ጋር በኦሮምኛ ነበር የሚያወሩት። እኔ ለዘበኝነት ዱላ ይዤ የገባሁ ቀን ወይዘሮ አልታዬ ከላይ እስከ ታች አዩኝና "ዱላህን አስቀምጠው፤ ከጋሽ በዳዳ ጋር ውሻ ታሳድጋለህ" አሉኝ። ወይ ውርደት! ያን ሰሞን ጥሩወርቅን ያገባሁበት ጊዜ ነው። ጥሩወርቅ የቄስ ልጅ ናት። አባቷ መምሬ ኃይሉ ቀጨኔ ውስጥ የተከበሩ ሰው ናቸው፤ እኔን ልጃቸውን ሲሰጡኝም ብዙ አማክረው ነው። ለሳቸው "ርቢው ውስጥ ዘበኛ ነኝ" አልኳቸው። ጠመንጃ እንዳለኝ አድርገው ገምተው ይሆናል፤ እኔም አላረምኳቸውም።

ጋሽ በዳዳ ግን ሥራቸውን አያፍሩበትም። ቡችላ ሲያሳድጉ ብታዩ! ገና ዓይኗን እንደገለጠች ከእናቷ ይቀበሉና፣ ዶሮ የተኛበትን ጭድ በቅርጫት አንጥፈው እዚያ ውስጥ ያስተኟታል። የዶሮ ሽታ የቤቷ ሽታ ይሆናል። ትንሽ ከፍ ስትል ጫጩት ካላት ዶሮ ጋር ያገናኟታል። ዶሮዋ ክንፏን ዘርግታ ትመጣና አፍንጫዋን በመንቁሯ አንዴ ትወጋታለች። ቡችላዋ እያለቀሰች ስትሮጥ ጋሽ በዳዳ ይስቃሉ። "በቃ፣ ትምህርት ቤት ገባች" ይላሉ። ያ መንቁር ከሺህ ዱላ ይበልጣል፤ ውሻ ሲያድግም አይረሳውም። ጫጩት ያባረረች ቡችላ አትመታም፤ ጀርባቸውን ሰጥተዋት ይሄዳሉ፣ ቀኑን ሙሉ አያናግሯትም። ማታ ራሷ እየተሳበች መጥታ እግራቸው ሥር ትተኛለች።

መከታን ያሳደግናት እንዲህ ነው፤ እሳቸው እያዘዙ፣ እኔ እየያዝኩ። ቀላ ያለች፣ ደረቷ ነጭ የሆነ፣ ጆሮዋ አንዱ የቆመ አንዱ የወደቀ ሴት ውሻ ነበረች። አሮጌው ውሻችን ጃሎ ጥርሱ አልቆ በር ላይ ብቻ ሲጮህ፣ ዶሮዎቹን የምትጠብቀው እሷ ሆነች። ዶሮዎቹ ፀሐይ ሲሞቁ ጀርባዋ ላይ ይወጡ ነበር። ጋሽ በዳዳ ቤታቸው ተኝተው በጩኸቷ ብቻ ምን እንደመጣ ያውቁታል፦ ለሰው ሳታቋርጥ ትጮኻለች፣ ለጅብ ታጓራለች፣ ለሸለምጥማጥ ግን አትጮህም፤ ዝም ብላ ትጠብቀዋለች። ጠዋት ስንገባ የሞተ ሸለምጥማጥ በሩ ላይ አስተኝታ፣ እሷ አጠገቡ ተቀምጣ እናገኛታለን። አንዲት ላባ እንኳ መሬት ላይ አይታይም።

ጋሽ በዳዳ ሁለት ሕግ ነበራቸው። አንደኛው፣ ውሻ ሥጋና አጥንት ሊቀርበት አይገባም። ሳንባውን፣ የበሬ ጭንቅላቱን፣ አጥንቱን በበርሜል ቀቅለን ከፉርሽካ ጋር እናሸዋለን። ግማሹን ማታ፣ ግማሹን ጠዋት ዶሮዎቹ በሰላም ማደራቸው ከታየ በኋላ። ሁለተኛው ሕግ እንቁላል ነው። የእንቁላል ቅርፊት ሳይቀር ሰብስበው ያቃጥሉ ነበር። "እንቁላል የቀመሰ ውሻ እንቁላሉ ከየት እንደሚወጣ ለማወቅ ሳምንት አይፈጅበትም" ይሉኝ ነበር። "ያን ቀን አንተም እኔም ሥራ የለንም፤ እሷም የለችም።"

ችግሩ ሁዳዴ ነው። በሁዳዴ የክርስቲያን ሥጋ ቤት ይዘጋል። ጋሽ በዳዳ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ ሳይቀምሱ የሚውሉ ጾመኛ ናቸው፤ ግን ጆንያቸውን ይዘው በጠራራ ፀሐይ የአቶ ሐሰን ሥጋ ቤት ይሄዳሉ። አቶ ሐሰን እስላም ናቸው፤ ሱቃቸው አይዘጋም። ያኔ ክርስቲያን ሰው እንኳን በጾም፣ በፍስክም እዚያ ሲገባ ከታየ የሰፈር መነጋገሪያ ነው። አንዴ "ጋሽ በዳዳ፣ ሰው ቢያይዎትስ?" ስላቸው ከት ብለው ሳቁብኝ። "ይይ! ውሻ አልተጠመቀች፤ ማን ጹሚ አላት?" አሉኝ።

እንግዲህ አሁን የማፍርበት ሁዳዴ ደረሰ። ጾሙ እንደገባ ጋሽ በዳዳን ቁርጥማት ጉልበታቸውን ያዛቸው። ልጠይቃቸው ቤታቸው ስሄድ እግራቸውን በጋቢ ጠቅልለው ተኝተዋል። እጄን ይዘው "አጥንቱን አደራ" አሉኝ። "ሐሰን ያውቅሃል፤ በዳዳ ነው የላከኝ ብቻ በለው። አጥንት ካጣች ታስብብኛለች፣ ውሻ ሲርባት ማሰብ ትጀምራለች።" አደራ አሉኝ እኮ። እኔም "ምን ገዶኝ፣ እርስዎ ይዳኑ እንጂ" አልኳቸው።

መጀመሪያ ቀን ሄድኩ። አቶ ሐሰን ጥሩ ሰው፣ "በዳዳ ተሻለው ወይ?" ብለው ጆንያዬን ሞሉልኝ። ስወጣ ደም የጆንያውን ታች አርሶታል። አዲሱ ገበያ ጋ ስደርስ የጎረቤታችን እትዬ ዘነቡ ከቅዳሴ ስትመለስ ነጠላዋን እንዳጣፋች ፊት ለፊቴ ቆመች።

"ምን ተሸክመህ ነው አንተ?"

"ቆዳ... ማለቴ፣ ለርቢው ዕቃ ነው።"

ዕቃ ደም አያንጠባጥብም። እትዬ ዘነቡ ጆንያውን አየች፣ የመጣሁበትን መንገድ አየች፣ አማተበችና ሄደች። ማታ ቤት ስገባ ጥሩወርቅ ራት አላቀረበችም።

"ከሐሰን ሥጋ ቤት ስትወጣ ታይተሃል አሉ።"

"ለውሾቹ ነው እኮ፣ ጥሩዬ!"

"ለውሾቹ መሆኑን እኔ አውቃለሁ። ሰውስ? አባባ ጆሮ ቢደርስ ምን ይሉሃል? ዘበኛ ነኝ ያልካቸው አንተ አይደለህ?"

በቃ፣ ያቺ "አባባ" የምትል ቃል ወሽመጤን በጠሰችው። ሌሊቱን መምሬ ኃይሉ ነጭ ጥምጣማቸውን አድርገው ደም የሚያንጠባጥብ ጆንያዬን ሲያዩ ይታየኛል። ከዚያ ቀን በኋላ ሐሰን ሥጋ ቤት ዳግመኛ አልሄድኩም። ለጋሽ በዳዳ በልጃቸው "ሁሉም ደህና ነው" ብዬ እልክባቸዋለሁ።

መከታ ፉርሽካ ብቻ ሲቀርብላት መጀመሪያ አሽትታ ወደ እኔ ታያለች፤ የረሳሁት ነገር ያለ ነው የሚመስላት። ቀስ በቀስ የጎን አጥንቷ ተቆጠረ። ጃሎስ ድሮም ፉርሽካ ነው ሕይወቱ፣ እሷ ግን ሌሊቱን ስትዞር የምታድር ናት። በዚያው ሰሞን ደግሞ እንቁላሉ ተከምሯል። በጾም ማን እንቁላል ይገዛል? ሙሉው ለፈረንጅ ሆቴሎች ይላካል፤ የተሰነጠቀው በሌላ ጊዜ ለእኛ ለሠራተኞች ነበር፣ በሁዳዴ ግን የሚነካው የለም፣ በቅርጫት ይሸታል። አንድ ቀን ከነዚያ አንስቼ ፉርሽካው ውስጥ ሰብሬ ቀቀልኩላት። የተቀቀለ ነው፣ ምን ይሆናል? ብልጥ የሆንኩ መሰለኝ። ሥጋ አላመጣሁም፣ ጾሜን አልነካሁም፣ ውሻዋም ጠገበች። ትንሽ ቆይቼ መቀቀሉም ሰለቸኝና ጥሬውን እሰብርላት ጀመር። እንዴት ትወደው እንደነበር! የቅርጫቱን ኮሽታ ስትሰማ መላ ሰውነቷ ይደንስ ነበር። ጸጉሯ እንደ ሐር ሆነ። ወይዘሮ አልታዬ ሳይቀሩ "ውሻዋ አምሮባታል፣ ጎበዝ!" ብለው አመሰገኑኝ። ምስጋናውን ተቀበልኩ፤ ይቺ እስከ ዛሬ ታንገበግበኛለች።

ሕማማት ገባ። ዶሮ ርቢ ያለው ሰው ዓመቱን ሙሉ የሚጠብቃት ሳምንት ናት፤ ጾመኛው ሁሉ ለፋሲካ ዶሮ ይፈልጋል። ወይዘሮ አልታዬ የደለቡትን ለይተው አንድ ቤት አስገብተዋቸዋል፣ ገዢዎቻቸውም ተለይተዋል። ማክሰኞ ጠዋት ስገባ በሩ ላይ መከታ የለችም። የዶሮ ቤቱ የታችኛው ሳንቃ ተፈልቅቋል። ጎንበስ ብዬ ገባሁ። መሬቱ በላባ ነጭ ሆኗል፤ ዶሮዎቹ እዚህም እዚያም ተዘርረዋል፣ የእንቁላል መጣያ ሣጥኖቹ ባዶ ናቸው፣ መከታ መሐላቸው ተቀምጣለች። ስታየኝ ጭራዋን ቆላች። አፏ ዙሪያ አስኳል ደርቋል።

ወይዘሮ አልታዬ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው "ፋሲካዬ! ፋሲካዬን!" እያሉ አለቀሱ። ሠራተኛው ሁሉ ተሰበሰበ። ሸለምጥማጥ ነው፣ የለም ጥርኝ ነው እያሉ አጥሩን ሲዞሩ ጋሽ በዳዳ በከዘራ እየተደገፉ ደረሱ፤ ልጃቸው ሮጦ ነግሯቸው ነው። መሬት ተቀምጠው የመከታን አፍ ከፈቱ፣ አሸተቱ፣ ጥርሷ መሐል የቀረውን ቅርፊት በጥፍራቸው አወጡ። ከዚያ ቀና አሉ።

"ማነው እንቁላል ያበላት?"

ሰው ሁሉ እርስ በርሱ ተያየ።

"እኔ ነኝ፣ ጋሽ በዳዳ።"

"አጥንቱስ?"

"አላመጣሁም።"

"ሐሰን የለም አለህ?"

"የለም አላሉኝም። አፍሬ ነው።"

"ማንን ነው ያፈርከው?"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ይሻለኝ ነበር። እሳቸው አልተቆጡም፤ ቢቆጡ፣ በከዘራው ቢሉኝ ምን ነበረበት! ለቡችላ እንደሚያደርጉት ጀርባቸውን ሰጡኝ።

ወይዘሮ አልታዬ እኔን አላባረሩኝም፤ "ውሻዋ ግን ዛሬውኑ ትውጣልኝ፣ ትገደል" አሉ። ጋሽ በዳዳ "በሕማማት ደም አላፈስም፤ የፋሲካ ማግስት ይሁን" ብለው ለመኗቸው፣ ተስማሙ። እኔ እግራቸው ላይ ወደቅሁ።

"ጋሽ በዳዳ፣ አይግደሏት። እርስዎ ቤት ይውሰዷት።"

"ቤቴ ዶሮ አለ። ጎረቤቴ ዶሮ አለ። ጉለሌ ውስጥ ዶሮ የሌለበት ግቢ አሳየኝና ልውሰዳት።"

"ታስራ ትኑርልኝ፣ እኔው አበላታለሁ።"

"እንዳበላሃት አየሁ" አሉኝ።

ከግቢው ግራር ግንድ ጋር በገመድ ታሰረች። ለምን እንደታሰረች አልገባትም፤ ሲመሽ ወደ ዶሮዎቹ ቤት ዞራ እያየች ታለቅሳለች፣ የሥራዋ ሰዓት ደርሶባታል። ሐሙስ ዕለት ማንም ሳያዘኝ ጆንያዬን አንስቼ አቶ ሐሰን ዘንድ ሄድኩ። በቀሩት ቀናት እንኳ አጥንት ትብላ ብዬ ነው። የመጣውን ይምጣ አልኩ፣ መሐል መንገዱን ይዤ ስመለስ አዲሱ ገበያ ላይ ማን ቢገጥመኝ ጥሩ ነው? መምሬ ኃይሉ። ሕማማት ነውና መስቀል አልተሳለምኩም፤ ጎንበስ ብዬ ቆምኩ፣ ጆንያው ጫማዬ ላይ ያንጠባጥባል።

"ምን ተሸክመሃል ልጄ?"

"አጥንት ነው አባ። ከሐሰን ሥጋ ቤት። እኔ ዘበኛ አይደለሁም፣ የርቢው ውሻ አሳዳጊ ነኝ፤ ለውሻዋ ነው።"

"ታዲያ ምን ያንቀጠቅጥሃል?"

"እርስዎ ይቆጡኛል ብዬ።"

መምሬ ኃይሉ ግራ ተጋብተው አዩኝ። "በውሻ ምሳ? ውሻ ይጾማል እንዴ? እንስሳ አስርበህ ብትመጣ ነበር የምቆጣህ።" ትንሽ ተራመዱና ዞረው "ቀደም ብለህ ብትነግረኝ እኔም ባስፈለግሁልህ" አሉኝ፤ ከዚያ ወደ ቤተ ክርስቲያናቸው ሄዱ። ጆንያዬን አውርጄ መንገድ ዳር ተቀመጥኩና እንደ ልጅ አለቀስኩ። ያን ሁሉ ሳምንት ስፈራቸው የከረምኩት ሰውዬ የተናገሩት ይኸው ነው። ለዚህ ነው እንግዲህ መከታ የምትሞተው፤ ማንም ላልጠየቀኝ ነገር።

የፋሲካ ማግስት ጋሽ በዳዳ ከግቢው ዘበኛ ጠመንጃ ተውሰው መጡ። ጃሎን ቤት ዘጋሁበት። ገመዷን ከግራሩ ሲፈቱ መከታ ጠመንጃውን አየች መሰለኝ፣ አንዴ ተወራጭታ አመለጠቻቸውና የማገዶው ክምር ሥር ገባች። ጋሽ በዳዳ በዚያ ጉልበታቸው ጎንበስ ማለት አልቻሉም። ቆመው ጠሯት። "ኮቱ፣ መከታ፣ ኮቱ" ይሏታል፣ ነይ ማለታቸው ነው፤ ከቡችላነቷ ጀምሮ በዚያች ቃል ነው የምትሮጠው። አልመጣችም። ደጋግመው ጠሩ። ድምፃቸው እየቀጠነ ሄደ። ከዚያ ያን ሁሉ ቀን ያላዩኝ ሰውዬ ዞረው አዩኝ።

"እንቁላል አምጣ" አሉኝ።

"ጋሽ በዳዳ፣ እባክዎ..."

"ለኔ እምቢ አለች። ለእንቁላሉ ትወጣለች። አምጣ።"

ሄጄ ከቅርጫቱ አንድ አነሳሁ። ኮሽታውን ሰምታ ኖሮ ስመለስ አፍንጫዋ ከማገዶው ሥር ብቅ ብሏል። ተንበርክኬ መዳፌ ላይ አድርጌ ዘረጋሁላት። ሆዷን መሬት እያስነካች፣ ጭራዋን እየቆላች፣ እንጨቱን እያፈረሰች ወጣች። ጋሽ በዳዳ ገመዱን አንገቷ ላይ አጠለቁ። እኔ እጄን ጨበጥኩት፣ እንቁላሉን ከኋላዬ ደበቅሁ፤ መስጠት አቃተኝ።

"ስጣት እንጂ" አሉኝ። "አሳይተሃት አትከልክላት።"

ሰበርኩላትና ሰጠኋት። ቅርፊቱን ሳታስቀር በላች፣ መዳፌን ጣት በጣት ላሰች። ገመዱ ሲሳብ ልትከተላቸው ተነሳች፤ ግን ቀና ብላ፣ ሌላም ይኖር እንደሆነ፣ እጄን አየች።